ፍሪሲዮን የሌላት መኪና

አፌ ክፉ ነው ይሉኛል። ይበሉ። ሰበታ ውስጥ ስሜ ሲነሳ «ተረፈች እኮ ምላሷ ጅራፍ ነው» የማይል የለም። ይህ ምላስ ባይኖረኝ ኖሮ ዳኜ የሚሉት ሰው ባሌን ያኔውኑ ከነነፍሱ በዋጠው ነበር። ኋላም ውጦታል፤ ግን አላምጦ ነው የዋጠው።

ባሌ ቦጂያ ሾፌር ነበር። ሾፌር ስላችሁ መንጃ ፈቃድ ኪሱ ከቶ መንገድ ላይ እንደሚደናበረው አይደለም። ከሱሉልታ እህል ጭኖ በእንጦጦ ሲወርድ፣ ሌላው ፍሬኑን ረግጦ ረግጦ ጎማው እየሸተተ ሲደርስ፣ እሱ በሁለተኛ ማርሽ አስይዞ እየተዝናና ከተማ ይገባል። ቡራዩ ያሉት ጋራዦች የከባድ መኪና ማርሽ ሲያስቸግራቸው «ቦጂያ እስኪመጣ አቆዩት» ይሉ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ወደ ተፍኪ ስንሄድ፣ እጁን ካላየሁ በቀር መቼ ከሁለት ወደ ሦስት እንደገባ አላውቅም። ወንድ ልጅ የሚኮራበት አያጣም፤ አንዱ በመሬቱ ይኮራል፣ አንዱ በበሬው፣ የኔው በግራ እግሩ ይኮራ ነበር። «ማርሽ የሚገባው በእጅ እንዳይመስልሽ፣ በእግር ነው» ይለኛል። ፍሪሲዮኑን ማለቱ ነው፤ በግራ እግር የምትረገጠዋን። እሷ በወጉ ካልተረገጠች፣ በወጉም ካልተለቀቀች፣ ማርሽ ይንቋቋል፣ መኪናም ይዘላል።

የሚነዳው የዳኜን የጭነት መኪና ነበር። ዳኜ ከወደ ሰሜን በወጣትነቱ መጥቶ ሰበታ ላይ ወፍጮ የተከለ ሰው ነው። ወፍጮ አለው፣ የእህል መጋዘን አለው፣ የጭነት መኪና አለው፤ መንዳት ግን አይችልም። ስንቴ ሊማር ሞከረ መሰላችሁ። ፍሪሲዮኑን ድንገት ይለቀዋል፣ መኪናው እንደ ፍየል ዘሎ ሞተሩ ይጠፋል፣ ገበያተኛው ይስቃል። አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ እየደጋገመ ካጠፋው በኋላ ወርዶ የመኪናውን በር በርግጫ መታው። ከዚያ ወዲህ መሪ ይዞ ያየው የለም። ሾፌር የሚባል ፍጡር ግን ይጠላ ጀመር። «በገዛ ንብረቴ ሾፌር እለምናለሁ፤ ቁጭ በል ሲለኝ እቀመጣለሁ፣ ውረድ ሲለኝ እወርዳለሁ» ይላል። ቦጂያ ይህን ሲሰማ ይስቅ ነበር።

እንግዲህ ክረምት ነው፤ ቦጂያና ዳኜ ከተፍኪ ሲመለሱ ድልድዩ መውረጃ ላይ ከመኪናው ሥር የሚንኳኳ ነገር ተሰማ። ቦጂያ አቆመ። የእጅ ፍሬኑ አርጅቶ አይዝም፤ ዳኜን አሠራው ብሎ ለምኖት ለምኖት ሰልችቶታል። የተፍኪ መሬት ደግሞ ጥቁር አፈር ነው፣ ጎማ የሚደግፉበት ድንጋይ ተፈልጎም አይገኝ። ስለዚህ ሞተሩን አጥፍቶ አንደኛ ማርሽ ውስጥ ከተተውና፣ በማርሽ ተይዞ እንዲቆም አድርጎ፣ ከሥር ገባ። ሾፌር ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ዝናቡ ሲበረታ ዳኜ ሮጦ ጋቢና ገባ። የማርሹ ዱላ ጉልበቱን ነካው። እግሩን መዘርጋት ፈልጎ ዱላውን ታግሎ ገፋው። ማርሹ ወጣ፣ መኪናው ሄደ። ቦጂያ ራሱን አወጣ፣ ደረቱን አወጣ፤ ግራ እግሩን ግን ማውጣት አልቻለም።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት። ዳኜ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «እግዜር ይማርህ፣ ነፍስህ ተርፋለች፣ ምን አለ። የወፍጮ ቤቱን በር ትጠብቅልኛለህ» አለው። ቀጥሎም «ዘበኛ እንዲያውም ባለ አንድ እግር ይሻላል፤ ትቶ አይሄድም» ብሎ ሳቀ። ያመጣውን ብርቱካን ራሱ ልጦ እየበላ ነው የሚያወራው። ደሜ ፈላ።

«ዘበኛ አልሆንም፣ ሾፌር ነኝ» አለ ቦጂያ።

«በምንህ?» አለ ዳኜ፣ ፍሬውን እየተፋ።

ቦጂያ ቤት ከገባ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውል ጀመር። የሚያነጋግረኝ ውሃ ሲጠማው ብቻ ነው። የአባቴ ልጅ ነኝና እኔ ማረስ አያቅተኝም፣ ንግድም አያቅተኝም፤ እንጀራ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ሰውዬው ነው። ሾፌርነቱን ከወሰዱበት ምንም እንደማይተርፈው አውቃለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ የፋብሪካ መሐንዲስ፣ ፈረንጅ፣ አገሩ ሊገባ ነው ተባለ። ሁለት የቤት መኪና ነበረው፤ አንዷ ጀርመን ሠራሽ ባለ ማርሽ፣ አንዷ ረጅም አሜሪካ ሠራሽ። ዳኜ ከሁለት አንዷን ለዕለት መመላለሻ ሊገዛ አሰበ፤ ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዘው ሁሉ እንደ ራሱ ገንዘብ ይከራከራል። አንዱ «ጀርመኗን ይውሰድ፤ ባትሪ ቢደክምባት በግፊት ትነሳለች፣ ጭቃ ቢይዛት ሁለተኛ አስገብቶ ያወጣታል፣ ቤንዚንም አትጠጣም» ይላል። ሌላው «አሜሪካዊቷ አውቶማቲክ ናት፣ ማርሹን ራሷ ትቀይራለች» ይላል። «ስትበላሽስ ማን ይጠግናታል? ባትሪዋ ቢሞት ሰበታ ሙሉ ሰው ቢገፋት አትነሳም» ይላል ያኛው። «ምን ቸገረህ፤ ፍሪሲዮን እንኳ የላትም እኮ፣ እግርህ አይደክም» ይመልስለታል። እኔ ቁናዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ጤፌን ሳላስፈጭ ተመለስኩ።

«ቦጂያ» አልኩት፣ «ፍሪሲዮን የሌላት መኪና በየትኛው እግር ትነዳለች?»

«በቀኝ» አለ ወደ ግድግዳው እንደዞረ።

«በቀኝ ብቻ?»

ከግድግዳው ዞረ። ከዚያ ተነሥቶ ተቀመጠ። በፊት ቢሆን ኖሮ «ማርሽ የሌላት መኪና ልጓም የሌላት በቅሎ ናት፣ ወንድ አይቀመጥባትም» ብሎ ያላግጥ ነበር። ያን ቀን አላላገጠም። ምላጭ አምጪ አለኝ፤ ጢሙን ተላጨ።

እኛ ጋ ሰው ሰውን ሲጎዳ ጉማ አለ። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ያጠፋ ያምናል፣ ይክሳል፣ ይታረቃል። ዳኜ በሆዱ ይህን ሥርዓት ይንቃል። ግን እህሉን የሚሸጡለት ገበሬዎች የነዚሁ ሽማግሌዎች ልጆች ናቸው፤ እነሱን ረግጦ ከሰበታ እስከ ተፍኪ አንድ ቁና ጤፍ አይገዛም። ስለዚህ ሲጠሩት ጋቢውን ደርቦ መጣ። በመሃል የተቀመጡት ኦቦ ባጫ ነበሩ፤ በአጠገባቸው ኦቦ ኢተፋ።

«ማርሹን ነክተኸዋል?» አሉት ኦቦ ባጫ።

«አልነካሁም» አለ።

«እንግዲያው ማልልን።»

መሐላ ሲመጣ ዳኜን አላበው። ሐሰት የማለ ሰው ዘሩ እንደማይባረክ እሱም ያምናል። ጉሮሮውን ጠራረገና «ጉልበቴን ነካኝ፤ ገፋ አደረግኩት፣ አውቄ አይደለም» አለ። ኦቦ ባጫ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከብት ይክፈል ብለው ሊፈርዱ አፋቸውን ሲከፍቱ ተነሣሁ። ሴት ሳትጠየቅ እዚያ አትናገርም። እኔ ተናገርኩ።

«ኦቦ ባጫ፣ ከብቱ ይቅርብን» አልኩ። «ከብት እግር አይሆነውም። ይህ ሰው መኪና ሊገዛ ነው። ፍሪሲዮን የሌላትን ይግዛ፤ ባሌንም በድሮው ደመወዙ አይልቀቀው። ሌላ አልፈልግም።»

ኦቦ ኢተፋ ጆሯቸውን አቀረቡ። «ፍሪሲዮን ምን የሚሉት ነው?» አሉ። ቦጂያ ክራንቹን አስቀምጦ፣ በተቆረጠው እግሩ አየሩን እየረገጠ አሳያቸው። ሲረግጥና ሲለቅ ያዩት ሽማግሌዎች ዓይናቸው እንባ ሞላ። ዳኜ አፉን በጋቢው ሸፈነ። ያዘነ መሰለኝ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለቅሶ ነው ብዬ በሆዴ ይቅር ልለው ምንም አልቀረኝ። እየሳቀ መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው።

«ትቀበላለህ?» አሉት ኦቦ ባጫ።

«ሽማግሌ ካለ ምን አደርጋለሁ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ፍሪሲዮን የሌላትን እገዛለሁ። ቦጂያም ከቤቴ አይወጣም።»

ሣር ይዘው መረቁን። እኔም ተንበርክኬ የኦቦ ባጫን ጉልበት ሳምኩ።

ዳኜ አሜሪካዊቷን ገዛ። ቦጂያ ኮቱን አሳጠበ፣ ያለችውን አንድ ጫማ ቀባ፣ ማለዳ ተነሥቶ ወፍጮ ቤት ሄደ። «ቆይ፣ ወረቀቷ ይዙር» አሉት። ሌላ ቀን ሄደ፤ «ቆይ፣ ጎማዋ ይለወጥ» አሉት። መኪናዋ የታለች ሲል ፈረንጁ ጋ ናት ይሉታል። እሱም ያምናል፤ ምን ይሁን ሰውዬው፣ ተስፋ የያዘ ሰው ምን ቢሉት ያምናል። ማታ ማታ አልጋው ላይ ተቀምጦ ቀኝ እግሩን ከአንዱ ጡብ ወደ ሌላው ጡብ ያዘዋውራል። አንዱ ጡብ ቤንዚን መስጫ ነው፣ አንዱ ፍሬን። «ፍሪሲዮን የለመደ ግራ እግር ገብቶ አያሳስተኝ፣ ለኔ እንዲያውም ቀላል ነው» ይላል። ስቀን እንተኛለን።

ለካስ ፈረንጁ ከመናገሻ መንገድ ዳር ባለ ሜዳ ላይ ዳኜን እያስተማረው ነው።

አንድ እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ያቺ ረጅም መኪና ድምፅዋን አጥፍታ መጣች። መሪ የያዘው ዳኜ ነው። ግራ ክንዱን መስኮት ላይ አሳርፎ፣ ሚስቱን ስንዱን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ያ መኪና እንደ ፍየል ያስዘልል የነበረው ሰውዬ እንደ ሙሽራ እየተንሳፈፈ መጣ። ሰዉ አፉን ያዘ። ቦጂያ ባጠበው ኮት መንገድ ዳር ቆሟል። ዳኜ ክራንቹ ጫፍ ላይ ደርሶ ቀስ አድርጎ አቆመ።

«ቦጂያ፣ የሽማግሌ ቃል አክብሬያለሁ» አለው። «ያላችኋትን ገዝቻለሁ። ደመወዝህም አይቋረጥም። ነገ መጥተህ የበሩን ቁልፍ ተቀበል።»

አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ሲጠላ የኖረ ሰው፣ ሾፌር የማትፈልግ መኪና ይግዛ ብዬ ራሴ በሽማግሌ አስፈረድኩለት። ወይ ነዶ። ያ ሰውዬ ማርሽ ማስገባት ስላልቻለ ነው የባሌ እግር የሄደው፤ ማርሽ ማስገባት ስላልቻለ ነው ያቺም መኪና ለሱ የተመቸችው። ይህን ሕፃን ልጅ ያስበዋል። እኔ አላሰብኩትም።

ኦቦ ባጫ ዘንድ ሮጥኩ። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። አንስተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ማን ይነዳታል የሚለውን አንቺም አላነሳሽ፣ እኛም አላነሳን። ዳኜ መንዳት እንደማይችል ያልሰማ አለ? ማን ይነዳል ብሎ መጠየቅ አሳፋሪ ነበር። ሰውዬው ግዛ ያልነውን ገዛ፣ ከቤትህ አታስወጣው ያልነውን አላስወጣም። ሣር ይዘን መርቀናል። የተመረቀ አይፈርስም።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምን እላለሁ። ተመለስኩ።

ቦጂያ በር አልጠብቅም አለ። «ሾፌር ነኝ፣ ዳኜ አንድ ቀን ያቺን መኪና ገደል ይከታታል፣ ያኔ ይጠራኛል» ይላል። ከቤታችን ፊት ለፊት መንገዱ ስለሚያልፍ ወንበር አውጥቶ እዚያ ይቀመጣል። መኪናዋ ስታልፍ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣታል። «አሁን ቀየረች» ይለኛል፤ «ዘገየች፤ እኔ ብሆን ከጉብታው በፊት ነው የምቀይር።» ዳኜ ሲያልፍ ጡሩንባ ይነፋለታል። ዓይኑን አይገልጥም። ሰዉ ደግሞ ያው ሰው ነው፤ አልፎ ሂያጁ «ኦቦ ቦጂያ፣ አካም ጅርቱ፣ ደህና ነዎት፤ ሥራ የለም እንዴ?» ይላል።

በገበያ ቀን ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ግቢው በሰውና በአህያ ሞልቷል፤ መኪናዋ መሃል ላይ ታጥባ ቆማለች። ዳኜ በላስቲክ ቱቦ ጎማዋን ያጥባል። የማይባል ነገር ሁሉ አልኩት። የባሌን እግር በልተሃል አልኩት፣ አሁን ደግሞ ሥራውን ትበላለህ፣ ጅብ እንኳ ጠግቦ ይተዋል አልኩት። ወፍጮው እስኪቆም ድረስ ጮህኩ። እሱ ቱቦውን ጣለና ፈገግ አለ።

«ምን ሥራ?» አለ ለሰዉ ሁሉ እንዲሰማ። «መንዳት ሥራ የሚሆነው ለማርሽ መኪና ነው። ይቺን ማንም ይነዳታል። ነይ ግቢ።»

«ምን?»

«ግቢና ንጂያት። አንቺ መሪ ነክተሽ ታውቂያለሽ? አታውቂም። እንግዲያው ነይ፤ ባልሽ ምን ሥራ እንደተወሰደበት ሰዉ ይይ።»

ገበያተኛው ተሰበሰበ። እኔም ገባሁ። ለምን እንደገባሁ ልንገራችሁ፤ ላጠፋት ነው የገባሁት። የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ድንጋይ ነው። ዳኜም አጠገቤ ተቀምጧል። እሱንም እኔንም ይዛ ግድግዳው ላይ ትፈርጥ ብዬ ነው።

መሪው ሥር ያለችውን ዱላ ዝቅ አደረገልኝ። «ጠባቡን እርገጪ፣ ትሄዳለች። ሰፊውን እርገጪ፣ ትቆማለች። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የላትም» አለ። ጠባቡን ረገጥኩ።

ሄደች። አትዘልም፣ አትንቋቋም። ውሃ ቦይ ውስጥ እንደሚሄድ ነው የሄደችው። ግድግዳው ሲመጣ እጄ ራሱ መሪውን አዞረ፤ እሷም አብራኝ ዞረች። አህዮቹን አለፍኩ፣ ጆንያዎቹን አለፍኩ፣ በመጋዘኑ ኋላ ዞሬ ተመለስኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። ዳኜ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ተረፈች ሾፌር ሆነች» እያለ ይጮኻል። ዝም በል ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲያ ያለ ደስታ በሠርጌም ቀን አላየሁም። አንድ ዙር በቂ ነበር፤ እኔ ግን ማንም ሳይለኝ ሁለተኛ ዞርኩ።

በሁለተኛው ዙር በሩ ላይ ቦጂያን አየሁት። ጩኸቴን ነግረውት ሊወስደኝ በክራንቹ መጥቷል። ኮቱን ለብሷል። ሰፊውን ረገጥኩ፤ መኪናዋ ከፊቱ ቆመች። ጥርሴ ገና አልተከደነም ነበር።

እሱ ዳኜን አላየውም። ሲስቅም፣ «አየህ?» ሲለውም አላየውም። እኔን ነው ያየው። ከዚያ ክራንቹን አዙሮ ሄደ፣ ተከተልኩት።

ቤት ገብተን እራት አቀረብኩለት። አልነካውም።

«መሪው ይከብዳል?» አለኝ።

ይከብዳል ማለት እችል ነበር። ውሸት ለኔ ብርቅ አይደለም። ግን ቦጂያ መኪና የማይገባው ሰው አይደለም፤ በመስኮቱ ፊቴን አይቶታል።

«አይከብድም» አልኩት።

«ስትዞሪ ሞተሩ አልጠፋም?»

«አልጠፋም።»

ከአልጋው ሥር ያሉትን ሁለት ጡቦች በቀኝ እግሩ ገፋ አድርጎ ወደ ግድግዳው አስጠጋቸው።

«ግራ እግርሽን ምን አደረግሽው?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። «ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። እንደ ሾፌር ነው የነቀነቀው፤ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ሕመም ነግረውት ሲገባው እንደሚያደርገው። ጋቢውን ሳብ አድርጎ ተኛ፤ እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ኮቱን ለበሰ፣ ያለችውን አንድ ጫማ አሠረ፤ ክራንቹን ይዞ ወጣ። ወፍጮ ቤት ሄዶ ከዳኜ እጅ የበሩን ቁልፍ ተቀበለ። እኔም ኋላ ጤፌን ይዤ ስሄድ በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው።